ባሕር ሳያይ ያደገ ልጅ መርከብ ላይ ምን ይማራል?

«ጠይቁን» ዓምድ እንደገና መጥታለች።

በዚህ ወር የጥያቄ ሳጥኑ ሲከፈት አብዛኛው ወረቀት የተለመደው ነው። ስለ ፈተና አለ፣ ስለ ኳስ አለ፣ «ማይኩ ጠዋት ጠዋት ለምን ይጮኻል?» የሚልም አለ (እሱን የቴክኒክ ልጆቹ ይመልሱ)። አንዷ ወረቀት ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። እንዲህ ትላለች፦ «ወንድሜ ምህንድስና ጨርሶ አሁን ባሕር ዳር የመርከብ ሥልጠና ገብቷል። ሲጨርስ ውቅያኖስ ላይ ነው የሚሠራው አሉ። እናቴ ስሙ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። መርከብ ላይ ምን ይሠራል? የት ይተኛል? ይመለሳል ወይ?» ስም የለውም፤ «7ኛ ክፍል» ብቻ ይላል።

ጥያቄው ለእኔ ደረሰኝ። እኔ ደግሞ ከጣና የሚበልጥ ውሃ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ሦስት ቦታ ሄድኩ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችን ጋ፣ ከዚያ ደግሞ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አባት ቤት። እኚህ አባት በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። «ስሜን ግን አትጻፍ» ስላሉኝ እዚህ «አባባ» እያልኩ ነው የምጠራቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አንዳንድ ልጆች «አገራችን ባሕር የላትም፣ ታዲያ መርከበኛ ከየት ይመጣል?» ብለው ይስቃሉ። ስዊዘርላንድም እኮ ባሕር የላትም፤ የንግድ መርከብ ግን አላት። የእኛ የመርከብ ድርጅት የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1964 ነው። ያኔ ምጽዋና አሰብ ነበሩ፤ አሁን መርከቦቹ ዕቃችንን የሚያራግፉት ጅቡቲ ነው። ስማቸው ደግሞ ደስ ይላል። ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ሐረር የሚባሉ መርከቦች አሉ። ጎኗ ላይ «አሶሳ» ተብሎ የተጻፈባት መርከብ ሩቅ ምሥራቅ ወደብ ስትገባ አስቡት እስቲ! «ደብረ ታቦር» የምትባል መርከብ ስለ መኖሯ አልሰማሁም። ትሰየም ባይ ነኝ።

ውሃችን ግን ከሁላችንም ቀድሞ ባሕር ደርሷል። ክረምት ጉና ላይ የሚዘንበው ዝናብ በርብና በጉማራ አድርጎ፣ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ ጣና ይገባል። ከጣና በዓባይ ይወጣል፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል። የዞናችን ልጆችም ለውሃ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ጣናን ይነካሉ። እዚያ ያሉ ልጆች ታንኳ እያዩ ነው የሚያድጉት።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ውስጡ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የተፈታ ገመድ ካለ ይጠብቃል፣ የበሰበሰው ይለወጣል። እንደዚያ ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሰውዬውን መሐል ላይ ጉድ ያደርገዋል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ስለ ትልቁ መርከብ ስናወራ ተመልሶ ይመጣል።

እግረ መንገዴን ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1866 ጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር ጎማ አስገጥመው፣ እንደ እንፋሎት መርከብ ውሃ ላይ ሊያስኬዱት ሞክረው ነበር። በጊዜው እዚያ የነበሩ ፈረንጆች ጽፈውታል። እዚሁ ጎናችን ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ሴባስቶፖልም ስሙን ያገኘው ከአንድ የወደብ ከተማ ነው። ንጉሡ ስለ ባሕር አብዝተው ያስቡ እንደነበር እኔ ከዚህ ነው የተረዳሁት።

አሁን ወደ አባባ ቤት።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሲጀመር የኖርዌይ መኮንኖች በማሠልጠን ረድተዋል። መኮንን የሚሆኑት አስመራ በነበረው ኮሌጅ ከአራት ዓመት በላይ ይማሩ ነበር፤ ተራ ባሕርተኞቹ የሚሠለጥኑት ምጽዋ ነው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ አንዲት ትልቅ መርከብ መጣችና «ኢትዮጵያ» ተባለች። ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች፤ የኳስ ሜዳ ከጎል እስከ ጎል በሉት። ተማሪዎቹ ባሕር ላይ የሚለማመዱባት እሷ ነበረች።

አባባ ምጽዋ ሲሄዱ 18 ዓመታቸው ነበር። የደብረ ታቦርን ብርድ ለብሰው ነው የሄዱት። ምጽዋ ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ሞቃት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። «እዚህ ጋቢ ደርበህ ትተኛለህ። እዚያ ቆዳህን አውልቀህ ብትሰቅለው ደስ ይልሃል» አሉኝ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ምን አስተማሩዎት?» አልኳቸው። መሪ መያዝ ወይም መድፍ መተኮስ የሚሉኝ መስሎኝ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር።

«መተኛት» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። መርከብ ላይ አልጋ ማለት ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ጠባብ ነገር ናት፤ ከላይም ከታችም ሌላ ሰው አለ። የራስህ የሆነው ያቺ አልጋና አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ልብስህን ሳታጥፍ ብትተወው ሌሊት መርከቧ ስትንገዋለል ሌላው ሰው ፊት ላይ ይወድቃል። ጫማህን መተላለፊያ ላይ ብትተው አደጋ ሲደወል በጨለማ የሚሮጠው ሰው ይሰናከልበታል። ዋናው ደግሞ የምትተኛው ሲመሽ አይደለም፤ ተኛ ሲሉህ ነው።

ለምን መሰላችሁ? መርከብ ሌሊት አትቆምም። መኪና ቢደክመው ወረታ ላይ ይቆማል፣ ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል። መሐል ባሕር ላይ ግን ወረታ የለም። ስለዚህ 24ቱ ሰዓት አራት አራት ሰዓት እየሆነ ለስድስት ይከፈላል። ሠራተኛው ደግሞ ሦስት ቡድን ይሆናል። አንዱ ቡድን አራት ሰዓት ይሠራል፣ ስምንት ሰዓት ያርፋል፣ እንደገና አራት ሰዓት ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ቡድን ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከ10 እስከ 2 ማለት ነው፤ ቀንም ሌሊትም። ክፉው ተራ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ሰው ሁሉ የሚያንቀላፋበት ሰዓት ነዋ። ያ ተረኛ ጨለማው ውስጥ ቆሞ የሌላ መርከብ መብራት ይፈልጋል። ቀይ መብራት ካየ የመርከቧን ግራ ጎን ነው የሚያየው፤ አረንጓዴ ካየ ቀኟን። ሁለቱንም አንድ ላይ ፊት ለፊት ካየ ወደ እሱ እየመጣች ነው ማለት ነው! ቶሎ መናገር አለበት።

«ተራህን ለመረከብ ሩብ ሰዓት ቀድመህ ትደርሳለህ» አሉኝ አባባ። «ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። አርፍደህ ከመጣህ ደግሞ የጓደኛህን እንቅልፍ ሰረቅህ። እዚያ ከሌብነት ሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።» (ጠዋት የሰልፍ ሰዓት የሚያረፍዱ ልጆች ይህችን ያንብቡ።)

ቀጥሎ ውሃ። በውሃ ተከበው ውሃ ይቸግራል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ከዚህም ይበዛል። ቢጠጡት ጨዉን ለማስወጣት ሰውነት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ያወጣል፤ ጥሙ ይብሳል። ስለዚህ መርከቧ ወይ ከወደብ ቀድታ ትይዛለች ወይ የባሕሩን ውሃ አፍልታ እንፋሎቱን ታጠራቅማለች። እንደ አረቄ ማውጣት ማለት ነው፤ ጨዉ ከታች ይቀራል፣ ንጹሑ በጢስ መልክ ሄዶ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ውሃ ይቆጠራል። ሰውነትን አርጥቦ መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ እንደገና ከፍቶ መለቅለቅ፣ አለቀ። ቧንቧ ከፍቶ መዝፈን የለም።

ሕመሙንም ልንገራችሁ። ባሕር የሚያሳምመው ሆድን ይመስለናል፤ የሚጀምረው ግን ጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቅልን ክፍል አለ። መርከብ ውስጥ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ግድግዳውን አይቶ «ምንም አልተንቀሳቀስንም» ይላል፤ ጆሮ ደግሞ «ኧረ እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል። አእምሮ የሁለቱን ጭቅጭቅ መዳኘት ሲያቅተው ማቅለሽለሽ ይመጣል። የጋይንትን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። መድኃኒቱ ወደ ላይኛው ወለል ወጥቶ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ዓይንም ጆሮም አንድ ወሬ ያወራሉ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደዋል። አባባ አራት ቀን ምንም አልበሉም። አምስተኛው ቀን ተራቸው ደረሰ ተባሉና ተነሱ። «እያስመለስክም ቢሆን ትሠራለህ፤ ባልዲውን አጠገብህ አስቀምጠህ።»

የሚሠሩት ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ማጽዳት፣ ዝገት መፋቅ፣ ቀለም መቀባት። ጨዋማ አየር ብረትን ይበላል። ከፊት ጀምረው ፍቀው ቀብተው ኋላ ሲደርሱ ፊቱ እንደገና ዝጓል። የታንኳውን ነገር ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የደንገሉም የብረቱም ሕግ ያው ነው፤ የሚሸከምህን ነገር በየቀኑ ታየዋለህ።

ከዚያ ልምምድ አለ። መርከብ ላይ አደጋ ሲመጣ የሚሰማው ድምፅ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም። ይህ ሲሰማ ተኝቶ የነበረውም፣ እየበላ የነበረውም የነፍስ አድን ጃኬቱን ይዞ ወደተመደበበት ቦታ ይሮጣል። የቱ ጀልባ ላይ እንደሚሳፈር፣ ማን ማንን እንደሚቆጥር ቀድሞ ተጽፎ ተለጥፏል። እሳት ቢነሳ የሚጠራ የእሳት አደጋ መኪና ስለሌለ እሳት አጥፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ወጥ ሠሪውም ጭምር። የትምህርት ቤታችንን ደወል የምንደውለው እኛ ስለሆንን ሰባት አጭር አንድ ረጅም ልንደውል አስበን ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ አልፈቀዱም።

አባባን የመጨረሻ የጠየቅኳቸው ጠያቂያችን የጻፈውን ነው። «እናት ታለቅሳለች፤ ምን ይባላል?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። «የእኔም ታለቅስ ነበር» አሉ። «ያን ጊዜ ከምጽዋ ደብረ ታቦር ደብዳቤ ስንት ሳምንት ይፈጃል መሰለህ። እናቴ ያረፈች ቀን እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ። ወሬው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የመጣው። እንደ አገራችን ደንብ በማለዳ አስቀምጠው አረዱኝ። ድንኳን የለ፣ ዘመድ የለ። በሌሊት የነበረኝን ተራ አንዱ የሐረር ልጅ ሳልጠይቀው ወሰደልኝ። የራሱንም ሠርቶ፣ የእኔንም ሠርቶ። ሦስት ሌሊት። ሌሎቹ ተራ በተራ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር።»

መርከቢቱ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. የመን ሄደች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። በ2011 ዓ.ም. ግን እንደገና ለማቋቋም መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቷል። አባባ ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ እንዳሉ የልጅ ልጃቸው ነግሮኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሸራ መርከብ ሳልናገር ባልፍ መምህራችን ይቆጡኛል። በነፋስ የሚሄድ መርከብ ድሮ የቀረ ይመስላችሁ ይሆናል። ለማሠልጠኛ ግን ዛሬም አለ። ጣሊያኖች በ1931 የተሠራችውን «አሜሪጎ ቬስፑቺ»፣ ዴንማርኮች በ1933 የተሠራችውን «ዳንማርክ»፣ አሜሪካኖች በ1936 ጀርመን የተሠራችውን «ኢግል» እስካሁን ያስተምሩባቸዋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሦስቱም ባለ ሦስት ምሰሶ ናቸው። «ኢግል» ላይ ሴቶችም ወንዶችም እኩል ምሰሶ ይወጣሉ፤ ይህን የጻፍኩት ለክበባችን ሴት ልጆች ነው።

ሞተር እያለ ለምን ሸራ? ነፋስን ማዘዝ ስለማይቻል ነው። ሞተር ቁልፍ ይጫኑታል። ሸራ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይሰቅለውም፤ ገመዱን አሥርም ሃያም ሆነው በአንድ ድምፅ ይስባሉ። አንዱ ቀድሞ ቢለቅ የሌላው እጅ ይላጣል። ምሰሶ ላይ ሲወጡ ቀበቶ ታጥቀው ነው፤ እንዲያም ሆኖ የመርከበኞች ደንብ «አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ» ይላል።

ነፋሱ ከፊት ሲመጣስ? ይህን እኛ ደገኞች ከማንም በተሻለ እንረዳዋለን። አህያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ፊት ለፊት አይወጣም፤ አንዴ ወደ ቀኝ ሰያፍ፣ አንዴ ወደ ግራ ሰያፍ እያለ ይጠመዘዛል። የሸራ መርከብም እንዲሁ ናት። ሸራው ቆልመም ብሎ ሲቆም ነፋሱ መርከቧን ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይገፋታል። ከሥሯ ውሃ ውስጥ የጠለቀው አካሏ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። ስለዚህ የሚቀራት ወደ ፊት መሄድ ነው። ጥቂት ወደ ቀኝ ሄዳ ትዞራለች፣ ጥቂት ወደ ግራ ሄዳ ትዞራለች፤ እንዲህ እያለች ነፋሱ የመጣበት ትደርሳለች። መንገዱ ይረዝማል፤ ልክ እንደ ዳገቱ።

ፍጥነቱም የሚለካው በ«ኖት» ነው። ቃሉ ቋጠሮ ማለት ነው። ድሮ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ባሕር ላይ እየለቀቁ በተወሰነ ጊዜ ስንት ቋጠሮ እንደሄደ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ኖት በሰዓት 1,852 ሜትር ነው። እንግዲህ ሒሳብ፦ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 15 ኖት የምትሄድ መርከብ በስንት ሰዓት ትጨርሰዋለች? (መልሱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ትንሽ ነው። ያልመጣለት ይምጣና ጥቁር ሰሌዳ ላይ እናሳየው።)

አሁን ወደ ጠያቂያችን ወንድም ልምጣ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የባሕርተኞች ማሠልጠኛ አለ። በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ልጆች እዚያ ለወራት ከሠለጠኑ በኋላ «ካዴት» ተብለው ትልልቅ የንግድ መርከብ ላይ ወጥተው በሥራ ይማራሉ። ቢሾፍቱም ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሌላ ማሠልጠኛ አለ። ስለዚህ ወንድምህ ወይም ወንድምሽ (ማን እንደጻፈው አላውቅም) አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ታች፣ ሞተር ክፍል ነው። ሞተሩ ከቤት ይበልጣል። ይሞቃል፤ ድምፁም ከባድ ስለሆነ ጆሮ ይሸፈናል። ዘይት ማየት፣ ሙቀት መመዝገብ፣ የተበላሸ ፓምፕ መፍታት ነው ሥራው።

ማንም መርከበኛ ከመሳፈሩ በፊት የሚማራቸው መሠረታዊ ነገሮች አሉ። ውሃ ላይ ነፍስን ማቆየት፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ራስንና ሌላውን እየጠበቁ አብሮ መኖር። አራተኛውን ሳነብ አባባ ትዝ አሉኝ። ትምህርት ሆኖ ይሰጣል ለካ!

«ይመለሳል ወይ?» ለሚለው ደግሞ የዓለም አቀፍ የባሕርተኞች ስምምነት መልስ አለው። አንድ ሰው በተከታታይ መርከብ ላይ የሚቆየው ከ12 ወር ያነሰ መሆን አለበት። ሲጨርስ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ወጪ የሚከፍለው የመርከቡ ባለቤት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መርከብ ላይ መሥራት ክልክል ነው፤ ከ18 በታች ደግሞ በመርህ ደረጃ የሌሊት ሥራ አይሠራም። አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ሥራ ለማስገኘት ብሎ ከመርከበኛው ገንዘብ መቀበል በዚሁ ስምምነት ክልክል ነው። «ክፈል፣ መርከብ ላይ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ካለ ቤተሰብ ይህን ይወቅ።

አደጋ የለም ማለቴ አይደለም። ማዕበል አለ፣ አንዳንድ ቦታ የባሕር ወንበዴም አለ፣ ብቸኝነት ደግሞ ሁሌም አለ። አሁን ግን ብዙ መርከቦች ላይ በሳተላይት ስልክና ኢንተርኔት አለ። መስመሩ ጥሩ የሆነ ቀን ልጅየው መሐል ውቅያኖስ ላይ ሆኖ ደብረ ታቦር ይደውላል። እናትየው ስልኳን ቻርጅ ታድርግ። ሰዓቱንም ይነገራት፤ ተራው መቼ እንደሚያልቅ ካወቀች ሳይደውል ሲቀር አትደነግጥም።

ደገኛ ልጅ የሚያስቸግረው ዋና ነው። አብዛኞቻችን አንችልም። መማር የፈለገ ሰው ግን ክረምት ርብ ወይም ጉማራ ውስጥ እንዳይገባ። ደፍርሶ የሚሮጥ ውሃ የሚችለውንም ይወስዳል፤ በየዓመቱ የምንሰማው ነው። ዋና የሚማሩት በበጋ፣ ረጋ ባለ ውሃ፣ በሚችል ትልቅ ሰው አጠገብ ነው።

ከውሃ ርቆ መማር የሚቻለው ቋጠሮ ነው። አባባ አንዱን አሳይተውኛል። ይህ ቋጠሮ ቀለበት ይሠራል፤ ቢጎተት አይጠብም፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በቀላሉ ይፈታል። ውሃ ውስጥ የወደቀን ሰው በብብቱ ሥር አስገብተው የሚያወጡበት ነው፤ ለበሬም ለበግም ይሆናል፣ አንገት አያንቅም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱን ግራ እጅ ላይ አስቀምጡ፤ ከጫፉ ክንድ ያህል ርቃችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ ጫፉ የሚመጣበት በኩል ከላይ ይሁን። ጫፉን በቀለበቱ ከታች ወደ ላይ አውጡት። ከዚያ በረጅሙ ገመድ ጀርባ አዙሩት። አሁን በመጣበት ቀለበት ከላይ ወደ ታች መልሱት። ጫፉንና ረጅሙን በአንድነት ጎትቱ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበላሻል።

ሁለት ሜትር ገመድ የክበቡ በር ላይ አስረናል። በዕረፍት ሰዓት መጥታችሁ ሞክሩ፤ ስትጨርሱ ፈታችሁ ለሚቀጥለው ልጅ ተዉለት። ጥያቄዋን የጻፍከው ወይም የጻፍሽው ልጅም ና፣ ነይ፤ አባባ ወንድምየው ከመሄዱ በፊት ቤታቸው ይምጣ ብለዋል።